ጉንዳን ለማየት መንበርከክ ነው

ትምህርት ቤት ሲዘጋ የመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። ልጆቹ አርፍደው ይነሳሉ፣ እኛም የጠዋቱ ሩጫ ይቀርልናል። ከዚያ በኋላ "እማዬ ሰለቸኝ" ይጀመራል። ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ እንደገና ስልክ። ያኔ ነው ወላጅ ሁሉ "ልጆቼን በእረፍት ጊዜ ምን ላሰራቸው" እያለ ኢንተርኔት የሚያስሰው። የሚያገኘው ደግሞ ዝርዝር ነው፤ ሃምሳ ነገር፣ መቶ ነገር። ከካርቶን ቢራቢሮ ስሩ፣ የንብ ጭምብል ቁረጡ፣ ድንጋይ ላይ ጥንዚዛ ቀቡ። እነዚህን የሚሰራ ሰው ላይ ምንም ነገር የለኝም፣ ግን እውነተኛዋ ቢራቢሮ በር ላይ እያለች የካርቶኗን ስንቆርጥ መዋል ምን ይሉታል?

እዚህ የምጽፈው ጓሮ ወጥቶ ነፍሳትን ስለማየት ነው። ከልጆቼና ከእህቴ ልጅ ጋር ሳደርገው የቆየሁት ነገር ነው። የነፍሳት ባለሙያ አይደለሁም። ጓሮው ሰፊ መሆን የለበትም፤ የአጥር ጥግ ይበቃል፣ አበባ የተተከለበት በረንዳም ይበቃል። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። አንድ አጉሊ መነጽር ካለ ጥሩ ነው፣ ከሌለም ልጆች ዓይናቸው ከእኛ ይሻላል።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ልጅ አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይሄ ምንድን ነው?" ብሎ ነው። አዋቂው ስሙን ነግሮት ይገላገላል። "ጥንዚዛ ነው።" አለቀ። ልጁም ስሙን ስለሰማ ነገሩን ያወቀው ይመስለውና ይሄዳል። እኔ መልሼ የምጠይቀው "ምን እየሰራ ነው?" ብዬ ነው። ይሄን ለመመለስ ማየት ያስፈልጋል፤ ለማየት ደግሞ ቁጭ ማለት። አጉሊ መነጽሩም፣ ብልቃጡም፣ ደብተሩም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር። ነፍሳት የሰውነታቸውን ሙቀት በአብዛኛው የሚያገኙት ከአካባቢያቸው ነው። ስለዚህ በብርዳማ ጠዋት ዝግ ብለው ነው የሚያገኟቸው፤ ቅጠል ላይ የተቀመጠ ፌንጣን ቀርቦ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ደግሞ ንቦቹና ቢራቢሮዎቹ ይወጣሉ። እኩለ ቀን ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ ካለ እናንተም ልጆቹም ታኮርፋላችሁ፣ ነፍሳቱም ጥላ ይፈልጋሉ። እሱን ሰዓት ተዉት።

እግር መቁጠርም ቀድሞ ያልቅ። ስድስት እግር፣ ሦስት የሰውነት ክፍል፦ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ይሄ ካለው ከነፍሳት ወገን ነው። ሸረሪት ስምንት እግር ስላላት ከዚህ ትወጣለች። እርጥብ ድንጋይ ስር የምትገኘው፣ ሲነኳት የምትጠቀለለው ግራጫ ፍጥረት 14 እግር አላት፣ የቅርብ ዘመዶቿም ሸርጣኖች ናቸው። የእህቴ ልጅ ይሄን ሲሰማ አላመነኝም፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ብቻ ነው የተረታው። እኔ ግን "አንቺ ሸረሪት፣ አንቺ ከኛ አይደለሽም" ብዬ የማባርር ሰው አይደለሁም። ጓሮ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ይታያል። ስም ወጥቶላቸው የተመዘገቡት የነፍሳት ዝርያዎች ብቻ 1 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ሁሉ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የማታውቁት ነገር ቢገጥማችሁ አትፈሩ። ማንም ቢሆን አብዛኛውን አያውቀውም።

አሁን ወደ ጉንዳን። አንድ ነገር ብቻ የምታዩ ከሆነ ጉንዳን ይሁን። ሁልጊዜ አለ፣ አይበርም (ክንፍ የሚያወጡትና ለጋብቻ የሚበሩት ጥቂቶቹ ናቸው)፣ ደግሞም ሥራው አያልቅም። የምታዩዋቸው ሰራተኞች ሁሉ ሴቶች ናቸው፤ ይህን ለትልቋ ልጄ ስነግራት ወንድሟን እንዴት እንዳየችው ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጉንዳኖቹ መንገድ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ጥቂት ስኳር አስቀምጡ። ከዚያ ጠብቁ። ይሄ መጠበቅ ነው ለልጆች ከባዱ፣ ለእኛም ጭምር። መጀመሪያ አንዲት ትመጣለች፤ እየተወናበደች፣ ወዲያና ወዲህ እያለች ታገኘዋለች። ትቀምሳለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ስትመለስ በብዙ ዝርያዎች ዘንድ የሆዷን ጫፍ መሬት እያስነካች ሽታ ያለው ኬሚካል ትተዋለች። ሌሎቹ ያን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ፣ ስኳሩን ካገኙ እነሱም ይጨምሩበታል። ጥቂት ቆይታችሁ ስታዩ ሰልፉ ተሰርቷል። ማንም አለቃ አልነበረም፣ "በዚህ በኩል" ብሎ የጮኸም የለም።

እዚህ ላይ ልጆቹ እጃቸውን ማስገባት አለባቸው። ሰልፉ መሃል ላይ መሬቱን በጣት አንዴ ጠረግ ማድረግ ነው። ጉንዳኖቹ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፣ አንቴናቸውን (ራሳቸው ላይ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች) ያወዛውዛሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይዞራሉ፤ ከዚያ አንዷ ትደፍርና ታልፋለች፣ መንገዱም ይቀጠላል። ከዚህ የሚበልጠው የወረቀቱ ነው። መንገዳቸው ላይ አንድ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጡና በላዩ መመላለስ እስኪለምዱ ታገሡ። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ አድርጋችሁ በሩብ ዙር አዙሩት። ወረቀቱ ላይ ያሉት የድሮውን መስመር ተከትለው ወደ ባዶው ጠርዝ ይሄዳሉ። አምስት ዓመት የሆነው ልጄ ይሄን ሲያይ "እማዬ፣ አያዩም እንዴ?" አለኝ። "አንተ ምን ይመስልሃል?" አልኩት። ብዙ አሰበና "በአፍንጫ ነው የሚያዩት" አለ። አፍንጫ የላቸውም፣ የሚያሸቱት በአንቴናቸው ነው፤ ግን ነገሩ ገብቶታል፣ እኔም ወዲያው አላረምኩትም። አንቴናውን በማግስቱ ራሱ በአጉሊ መነጽር አየው።

ትልልቅ ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ይሄን ጨምሩላቸው። ሽታው እየበነነ ይጠፋል። አጭሩ መንገድ ላይ ጉንዳኖቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚመላለሱ ሽታው ይጠነክራል፣ ረጅሙ ይደክማል፣ በመጨረሻ አብዛኞቹ አጭሩን ይይዙታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ማርኮ ዶሪጎ የተባለ ጣሊያናዊ ይህንኑ አሠራር ወስዶ በኮምፒውተር አጭር መንገድ የሚፈለግበት ዘዴ አድርጎ የዶክትሬት ጥናቱን ጻፈበት። "ኮምፒውተር ይሻላል" ብሎ ለሚያንገራግር ልጅ ይህን መንገር ብዙ ይረዳል። በእኛ ቤት ረድቷል።

ስለ ሙታኖቻቸውም አንድ ታሪክ አለ፣ ልጆች ደግመው የሚያስነግሩኝ። ኤድዋርድ ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ የጉንዳን ተመራማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ተወልዶ በ2021 ያረፈ። የሞተች ጉንዳን ትንሽ ቆይታ ነው ጓደኞቿ አንስተው ወደ ቆሻሻ መጣያቸው የሚወስዷት። ዊልሰን እንዴት ያውቃሉ ብሎ ጠየቀ፤ በ1958 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት ኦሊይክ አሲድ የተባለው ንጥረ ነገር የሬሳ ምልክት እንደሆነ አሳየ። ያንን ከሕያው ጉንዳን ላይ ትንሽ ሲቀቡባት ጓደኞቿ እየተንፈራገጠች ተሸክመው ወደ መጣያው ወረወሯት። ተመልሳ ስትመጣም እንደገና። ራሷን እስክታጸዳ ድረስ ለእነሱ ሟች ነች። ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነው። ይህ ሰው የ7 ዓመት ልጅ ሆኖ ዓሣ ሲያጠምድ የዓሣ እሾህ ቀኝ ዓይኑን ወግቶት ዓይኑ ጠፍቷል። ከሩቅ የሚታዩ ወፎችንና አውሬዎችን ለመከታተል አልተመቸውም፤ በቀረው ዓይኑ ወደ ቅርብና ወደ ትንሽ ነገር ዞረ። መነጽር ስላደረገ ወይም ስለማይሮጥ ራሱን የሚያገል ልጅ ካለ ይሄ ጨዋታ ለሱ ነው።

ጉንዳኖቹን ተከትላችሁ ተክል ላይ ከወጣችሁ ሌላ ዓለም ታገኛላችሁ። ለጋ ቅጠል ስርና ቡቃያ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጥቃቅን ነገሮች አሉ፣ ክሽክሽ ይባላሉ። የተክሉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ፣ ትርፉን ጣፋጭ አድርገው ከኋላቸው ያወጡታል። ጉንዳኖቹ በአንቴናቸው መታ መታ እያደረጉ ያልቧቸዋል፤ በለውጡም ከጠላት ይጠብቋቸዋል። ጠላቷ ማን መሰለቻችሁ? ልጆች የሚወዷት፣ ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ናት። እጮቿ (ገና ያላደጉት ልጆቿ) ግን እሷን አይመስሉም፤ ረዘም ያሉ፣ ጠቆር ያሉ፣ ትንሽ አዞ የሚመስሉ ናቸው፣ ብዙ ሰው "ተባይ" ብሎ ይጨፈልቃቸዋል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ክሽክሹን፣ ጉንዳኗን፣ ጥንዚዛዋንና እጯን አንድ ላይ ካገኛችሁ ያን ቀን ሌላ ቦታ አትሂዱ።

ክሽክሾች ሌላም ጉድ አላቸው፦ ሞቃት ወራት ላይ ሴቶቹ ያለ ወንድ ልጅ ይወልዳሉ፣ ያውም እንቁላል ሳይሆን ሕያው ልጅ። ስትወልድ በአጉሊ መነጽር ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

አበባ ላይ ያለው ሥራ የተለየ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንድ አበባ ያለበት ቦታ መርጦ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን፣ ለ10 ደቂቃ የሚመጣውን ሁሉ መመዝገብ ነው። ንብ፣ ዝንብ፣ ቢራቢሮ፣ ጥንዚዛ፣ "ሌላ"። ልጆች "ሌላ" የሚለውን በጣም ይወዱታል። ልጆቹን የሚያታልላቸው ንብ የሚመስለው ዝንብ ነው፤ ቢጫና ጥቁር ለብሶ አየር ላይ ቆሞ የሚበረው። ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ዝንብ ሁለት ብቻ። የዝንብ አንቴና አጭር ነው፣ ዓይኑ ትልቅ። መናደፊያ የለውም፤ ልብሱን የለበሰው ለማስፈራራት ነው።

ንብ ቀለም ታያለች? ይህን በሙከራ ካሳዩት ሰዎች አንዱ ቻርልስ ተርነር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1923 የኖረ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የዶክትሬት ዲግሪ የነበረው፣ ግን ከዚያ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ቦታ ያላገኘና በሴንት ሉዊስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ የሠራ ሰው። የራሱ ቤተ ሙከራ አልነበረውም። ባለቀለም ክቦች ሠርቶ ወደ መናፈሻ ሄደ፣ ቀለማቸውን ለይተው እንዲመጡ ንቦቹን አለማመደ፣ ውጤቱንም በ1910 አሳተመ። ንቦቹ ቀለም እንደሚለዩ አሳየ። ልጆቼም ይሄን ሞክረውታል፦ የተለያየ ቀለም ያላቸው ወረቀቶች፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ክዳን፣ በአንዱ ቀለም ላይ ብቻ የስኳር ውሃ፣ በሌሎቹ ላይ ባዶ ውሃ። ንቦቹ ከለመዱት በኋላ ስኳሩን አንስቶ ወረቀቶቹን ቦታ ማለዋወጥ ነው። ሰማያዊ ወይም ቢጫ ጥሩ ነው። ቀይ አትምረጡ፤ ንብ ቀይን አታይም፣ በለውጡ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት የተባለ ብርሃን ታያለች። ማር ደግሞ አትጠቀሙ፣ ከሌላ ቀፎ የመጣ ማር የንብ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስኳር ይበቃል።

መናደፍን በተመለከተ ግልጽ እንሁን። አበባ ላይ ሥራዋን የምትሠራ ንብ ካልነኳትና ካልጨፈለቋት ልጅ የማባረር ሐሳብ የላትም። ቀፎዋ አጠገብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የንብ ቀፎም የተርብ ቤትም ያለበት ጥግ ለልጆች ጨዋታ አይሆንም። የማር ንብ ከነደፈች መናደፊያዋ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፣ በፍጥነት ማውጣት ነው ዋናው። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ልጁ ካዞረው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና። ፀጉራም አባጨጓሬን በእጅ አለመንካት፣ ፀጉሩ ያሳክካል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ የባሰ ነው። ይሄን ለልጆች በማስፈራሪያ ድምፅ ሳይሆን እንደ መንገድ ማቋረጫ ሕግ አድርጎ መንገር ይሻላል።

አባጨጓሬ ካነሳን አይቀር፣ ማሳደግ ከሁሉ የሚረዝመው ሥራ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ የምወደው። የነፍሳት ሠዓሊና ተመራማሪዋ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1647 ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ነው የተወለደችው፤ በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማሳደግ ጀመረች። በዘመኗ ብዙ ሰው ነፍሳት ከጭቃና ከብስባሽ የሚፈጠሩ ይመስለው ነበር። እሷ ግን እንቁላሉን፣ እጩን፣ ሙሽሬውን (እጩ ወደ ቢራቢሮ ሲለወጥ ተሸፍኖ የሚቆይበትን ደረጃ) እና ቢራቢሮዋን ከሚበሉት ተክል ጋር በአንድ ገጽ ላይ ትስል ነበር። በ1699 በ52 ዓመቷ ልጇን ይዛ በመርከብ ደቡብ አሜሪካ፣ ሱሪናም ድረስ ሄደች። እኔ የምፈልገው ልጆቼ ሜሪያንን እንዲያውቁ ብቻ አይደለም፤ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ቤቷ ቁጭ ብላ ያየችውን አዋቂዎቹ አላዩትም ነበር፤ እሱን እንዲያውቁ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባጨጓሬዋን ካገኛችሁባት ተክል ጋር ነው የምትወስዷት። ብዙዎቹ ከጥቂት የተክል ዓይነቶች ሌላ አይበሉም፤ ሌላ ቅጠል ብትሰጧት ተርባ ትሞታለች። ሰፊ ብልቃጥ፣ አፉ ላይ ስስ ጨርቅ፣ ስሩ ላይ ወረቀት፣ ጥቂት አፈርም (አንዳንዶቹ አፈር ውስጥ ገብተው ነው ሙሽሬ የሚሆኑት)፣ አንድ ቆሞ የሚቀር እንጨት። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል፣ በየቀኑ ፅዳት። ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ ብልቃጥ ቶሎ ይግላል። እንጨቱ ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ቢራቢሮዋ የወጣች ቀን ነው፤ ክንፏ የተጨማደደና እርጥብ ሆኖ ትወጣና ተንጠልጥላ ፈሳሽ እየገፋችበት ትዘረጋዋለች። የምትንጠለጠልበት ካጣች ክንፏ ተጣሞ ይደርቃል። ክንፏ እስኪጠነክር ጠብቁ፣ ከዚያ ያገኛችኋት ቦታ ወስዳችሁ ልቀቋት።

ሁልጊዜ ግን ቢራቢሮ አይወጣም። አንድ ጠዋት ትንሹ ልጄ "አባጨጓሬዋ እንቁላል ጣለች!" እያለ መጣ። ሄጄ ሳይ ጎኗ ላይ ሩዝ የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ተደርድረዋል። አባጨጓሬ እንቁላል አትጥልም፣ የምትጥለው ካደገች በኋላ ነው። እነዚያ የትናንሽ ጥገኛ ተርቦች ቤቶች ነበሩ፤ እናትየዋ እንቁላሏን አባጨጓሬዋ ውስጥ ትጥላለች፣ እጮቹ ውስጥ ውስጡን በልተው ያድጋሉ፣ ቆዳዋን በስተው ወጥተው ድር ይፈትላሉ። ለልጅ ይሄን ትነግራለህ ወይስ "ታማለች" ብለህ ታልፋለህ? ነገርኩት። አለቀሰ። ከዚያ ተናደደባቸው። "እንጣላቸው" አለ። እኅቱ ደግሞ "እነሱም ልጆች ናቸው እኮ" አለችው፣ ክርክሩ ሳይበርድ ዋለ።

እኔ ፈራጅ አልሆንኩም። ይሄ ነገር ከእኛ የሚበልጡትንም አስጨንቋቸዋል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1860 ለወዳጁ ለአሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸር አምላክ እነዚህን ተርቦች ሆን ብሎ አባጨጓሬን ከነሕይወቷ ውስጥ ለውስጥ እንዲበሉ ፈጥሯቸዋል ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳልቻለ ጽፏል። ሌላው ደግሞ ያለ እነሱ አባጨጓሬው ጓሮውን ይጨርሰው ነበር ይላል። ልጆቹ በየራሳቸው ያስቡበት። ብልቃጡን አላጠብነውም፤ ተርቦቹ እስኪወጡ ጠበቅን፣ ከዝንብም ያነሱ ናቸው፣ በር ላይ ከፈትንላቸው።

ማታ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ልጆች ለመምሸት ፈቃድ ስላገኙበት ብቻ እንኳን ይወዱታል። ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ስቀሉ፣ ከፊቱ መብራት አብሩ። የእሳት እራቶች ይመጣሉ፣ ጥንዚዛዎች ይመጣሉ፣ ስም የሌላቸው ጥቃቅን ነገሮች ይመጣሉ። ለምን ወደ መብራት እንደሚመጡ ብዙ ሲባል ኖሯል፤ ጨረቃ ይመስላቸዋል የሚለው በጣም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት በፈጣን ካሜራ ቀርፆ ሌላ ነገር አሳየ፦ ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። በተፈጥሮ ብሩሁ ሰማይ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ስለዚህ ጀርባህን ወደ ብርሃን ካደረግህ ቀጥ ብለህ ትበራለህ። መብራቱ ከጎን ሲሆን ግን እያዘነበለ ያዞራቸዋል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ መብራቱ ዙሪያ የሚሽከረከሩትን በሌላ ዓይን ነው የማያቸው፤ መውጫው ጠፍቷቸው ነው እንጂ ወደው አይደለም። ስለዚህ አይታችሁ ስትጨርሱ መብራቱን አጥፉላቸው። አንሶላውንም ከማጠፋችሁ በፊት አራግፉ፣ አለበለዚያ መኝታ ቤት ይገባሉ።

መብራቱ ሲጠፋ የሌሊት ፌንጣው ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። የሚዘፍነው ወንዱ ነው፣ ክንፉን ከክንፉ እያፋተገ፤ ጆሮው ደግሞ የፊት እግሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 አሞስ ዶልቤር የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሰው የፌንጣ ጩኸት ከአየሩ ሙቀት ጋር እንደሚፈጥን ጽፎ ቀመር አወጣለት። ቀለል ያለው አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ በ8 ሰከንድ ውስጥ የጮኸውን ቁጠሩ፣ 5 ጨምሩበት፣ በሴንቲግሬድ ወደ ሙቀቱ ይጠጋል። ቀመሩ በደንብ የሚሠራው ለአንድ የዛፍ ፌንጣ ዓይነት ስለሆነ በእናንተ ጓሮ ከቴርሞሜትሩ ጋር ላይገጥም ይችላል። ምንም አይደለም። ሞቃት ማታና ቀዝቃዛ ማታ ቆጥራችሁ አወዳድሩ፣ ልዩነቱ ለጆሮም ይሰማል። ልጆቹ የራሳቸውን ቀመር ቢያወጡ ደግሞ የተሻለ ነው።

የቀረውን በአጭሩ። ድንጋይ ስታነሱ የራቀውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ገልብጡት፤ ስሩ ያለው ነገር ጊንጥ ወይም እባብ ከሆነ ድንጋዩ በመሃላችሁ ይሁን። ጊንጥ ያለበት አካባቢ ከሆነ ድንጋይ የሚያነሳው አዋቂ ብቻ ነው። ካያችሁ በኋላ ቀስ ብላችሁ እንደነበረ መልሱት፣ የሰው ቤት ጣሪያ ነው። ባዶ ኩባያ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ቀብራችሁ በላዩ በጠጠር ከፍ ያለ ክዳን ብትሠሩለት ሌሊት የሚንቀሳቀሱ ጥንዚዛዎች ይገቡበታል፤ ጠዋት አይታችሁ ትለቃላችሁ፣ ኩባያውንም ታወጣላችሁ። ተረስቶ የቀረ ኩባያ ወጥመድ ነው። ቁጥቋጦ ስር ነጭ ጨርቅ ይዞ ቅርንጫፉን መነቅነቅ ደግሞ ለትንንሾቹ የሚሆን ነው፤ ምን እንደሚወድቅ አይታወቅም፣ ጩኸቱ ግን የታወቀ ነው።

ልጆች አንድ ቀን የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፦ "ቢራቢሮውን ልቀቁ ትያለሽ፣ በረሮውን ግን በጫማ ትመቺዋለሽ።" ልክ ናቸው። እኔ የምመልሰው እውነቱን ነው። ቤት ውስጥ የገባና በሽታ የሚያመጣ ነገር ላይ እንፈርዳለን፣ ጓሮ ያለውን ግን እኛ ነን እንግዶቹ። ቢንቢን እንኳን አስቀድመን እናያለን። የቆመ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ እጮቹ ከላይ ተንጠልጥለው በጭራቸው ባለች ቱቦ ይተነፍሳሉ፣ ጥላችሁ ሲያርፍባቸው እየተጥመለመሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ እንደሆነች፣ ለእንቁላሏ ደም እንደምትፈልግ፣ ወንዱ የአበባ ወለላ ጠጥቶ እንደሚኖር እንነጋገራለን። ከዚያ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ እንደፋዋለን። እነዚህን አንለቅም።

ስለሚፈሩ ልጆች፦ አታስገድዱ። "ምንም አታደርግህም፣ ንካት" የሚለውን ተዉት፣ ማንም በዚህ መንገድ ፍርሃት ለቆት አያውቅም። የእህቴ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሰዓት ያዥና ጸሐፊ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሞ "ስንት ሆነ?" እያለ ይመዘግባል። ሁለቱ እርምጃ አንድ ሆነ፣ ከዚያ ቀረ። ማንም አላስታወሰውም፣ እሱም አላነሳው። ይልቅ ልጆች ፍርሃቱን የሚወስዱት ከእኛ ነው። ሸረሪት ስታዩ የምትጮኹ ከሆነ (እኔም አንዳንዴ) ቢያንስ ከጮኻችሁ በኋላ አትሽሹ፣ ቆማችሁ እዩ።

ስልክ? ይውጣ፣ ግን መጨረሻ ላይ። ሲክ የሚባል መተግበሪያ አለ፣ ካሜራውን ስታዞሩበት ምን እንደሆነ ለመለየት ይሞክራል፣ ምዝገባም አይጠይቅም፣ ለልጆች የሚሆን ነው። ጥሩ ነው። ችግሩ ቀድሞ ከወጣ ልጁ ነፍሳቱን ትቶ ስክሪኑን ማየቱ ነው። በእኛ ቤት ሕጉ መጀመሪያ መሳል ነው። ፎቶ አይደለም፣ መሳል። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ግን ለመሳል እግሩ ከየት እንደሚነሳ ማየት ግድ ነው፣ ሁሉም እግሮች ከደረት ነው የሚነሱት፣ ይህን ደግሞ ከመሳልዋ በፊት ልጄ አላየችውም ነበር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ፀሐይ ነበር ወይስ ደመና፣ ምን እየሠራ ነበር። ከዚያ ስሙን ከስልኩ ይጠይቁ። አንዳንዴ መተግበሪያው አያውቀውም፣ ያኔ ልጆቹ ራሳቸው ስም ያወጡለታል። "ኋላ ቀር" የሚሉት ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር አለን፤ ደረቅ ደቃቅ አፈር ላይ ሾጣጣ ጉድጓድ እየቆፈረ ጉንዳን እስኪወድቅ ስሩ የሚጠብቅ እጭ ነው። ትክክለኛውን ስም ካወቁ በኋላም አልቀየሩትም።

የመጨረሻው ነገር ጊዜ ነው። ሩብ ሰዓት ይበቃል። ልጁ ደስ ብሎት ሳለ ብታቆሙ ነገም ይመጣል፤ "ገና ንቡን አላየንም" ብላችሁ ብትጎትቱት የቤት ሥራ ይሆንበታል። ዝናብ ከመጣ ግቡ። ሰለቸኝ ካለ ግቡ። አንዳንድ ቀን ምንም አይታይም፣ ያን ቀን ኳስ ተጫወቱ። አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ከመግባታችሁ በፊት አንድ አሮጌ ጣውላ መሬት ላይ አጋድሙና ማንም እንዳያነሳው ተስማሙ። በሳምንቱ አንሱት። ከዚያ በፊት የሚያጮልቅ ልጅ እንደሚኖር አውቃለሁ፣ በእኛ ቤት ማን እንደሆነም አውቃለሁ።